ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ስዊች

እታለም፣

ለመስክ ሥራ ወጥቻለሁ፤ እስከ ሐሙስ አልመለስም። ፍሪጅ ውስጥ ሾርባ አለ፣ አሙቂው።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውን ስዊች፣ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ እንዳትነቅዪው። ዛሬ ጠዋት አስተካክዬዋለሁ። እስከ ዛሬ በኢንተርኔት ኳስ በከፈትኩ ቁጥር ምስሉን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም፣ ለቤቱ ሁሉ ይበትነው ነበር። ያንቺ ክፍል ዋይፋይ የሚታነቀው በዚያ ነበር። አሁን ለጠየቀው ብቻ እንዲሰጥ ማጣሪያውን ከፍቼዋለሁ።

ቴሌቪዥኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቀጥ ካለብሽ ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው። “አሁንም የሚፈልግ አለ?” እያለ በየጊዜው የሚጠይቀው እሱ ነው። እሱ ካልጠየቀ ስዊቹ የሚያይ የለም ብሎ ያቋርጣል።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። መሥሪያ ቤት ለሰው ስሠራው ነው የምውለው። አባባ “የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ” ይለኝ የነበረው ወዶ አይደለም።

ያን እሑድ አባባን በቪዲዮ ስታወሪው፣ “አንድ ነገር ልንገርሽ” ብሎሽ ምስሉ ቀጥ ሲል፣ እኔ ሳሎን ኳስ እያየሁ ነበር። ከክፍልሽ ወጥተሽ “ምን ሆኖ ነው?” አልሽኝ። ቀና እንኳን ሳልል “ስልክሽ አርጅቷል፣ ቀይሪው” አልኩሽ።

በማግስቱ አረፈ።

ከቀብሩ ስንመለስ መጀመሪያ ያደረግሽው አዲስ ስልክ መግዛት ነው። እኔም አብሬሽ ሄጄ መረጥኩልሽ።

አሮጌውን ዛሬ ከመሳቢያሽ አወጣሁት። ሳሎን ቴሌቪዥኑን ከፍቼ፣ አንቺ ክፍል ተቀምጬ ከባልደረባዬ ጋር ግማሽ ሰዓት በቪዲዮ አወራሁበት። አንዴም አልቆመም።

ጠረጴዛው ላይ ትቼልሻለሁ። ቻርጁ ሙሉ ነው።