ግራ እግሩ ያጠረ ፊደል

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን
ከጫማ ሱቃችን፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው በርጩማ

ለሠላሳ ሰባት ቁጥሬ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? እኔማ ምን እሆናለሁ፤ ከመናፈቅና ከመቅናት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ አትጨነቂ። እኔው ነኝ! በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ፣ ማንም ክንዴን ሳይደግፈኝ። ባልሽ ስድስት ወር ማታ ማታ ተምሮ ፊደልን እንደ እርጥብ ቆዳ ወጥሮ ቸነከረው። ከክፍላችን አንደኛ ነኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ነኝ፤ አንደኛዋ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ እሷ ግን ድሮም ታነብ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

ለምን ተማርክ ብትይኝ፣ ሌላው ለዕውቀት ይማራል፣ እኔ ለስለላ ነው። እግር ሊሠሩልሽ ወደዚያ ማዕከል ከሄድሽ ሰባት ወርሽ። ሁለት ወር ነበር የተባለው፤ እሱን ተይው። ደብዳቤሽን የሚያነብልኝ ያው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። ደህና አድርጎ ይጀምርና «ባለሙያው…» ሲል ሳል ይይዘዋል። ሳሉ ሲለቀው ሁለት መስመር ዘሎ ስለ ዝናቡ እያነበበ ነው። ስለ ዝናብ ስትጽፊ ጉሮሮው እንደ ደወል ነው። እግር ሠሪሽ በመጣ ቁጥር የሚነሣ ሳል ምን ዓይነት ሳል ነው?

«ሐኪም ቤት ልውሰድህ እንዴ?» አልኩት።

«አንተ ፊደል ቁጠር፤ ያኔ ይለቀኛል» አለኝ።

ይኸው ቆጠርኩ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ያለ ሳል የተነበበ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ከቃል ቃል ስሻገር ላቤ ጠብ ይል ነበር። አሥራ ስድስት ደረጃ ብቻሽን መውጣትሽን አነበብኩ። የኛ ቤት ደረጃ አሥራ አራት ነው። ሁለት አስበልጠሽብኛል ማለት ነው።

ከዚያ ያን ቀልድ አነበብኩት። ኮሪደሩ ላይ እየተራመድሽ ማሰሪያው ተፈትቶ እግሩ ወልቆ ሲንሸራተት፣ ያ ሰውዬ «እግሬ አውጪኝ ሲባል እግሩ ብቻውን ወጣ እንዴ?» አለሽና እንባሽ እስኪወርድ ሳቅሽ። ይህን ሳነብ ወስፌውን ወረወርኩት። ያ ቀልድ የኔ ነበር! በዚህ መንደር ቀልድ ከማን አፍ እንደሚወጣ የማያውቅ አለ? እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አፌን ለጉሜ ኖሬያለሁ። ያ ጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ገጭቶሽ ግራ እግርሽን ካሳጣሽ ቀን ጀምሮ «እግር» የሚባለውን ቃል ከቤታችን አባርሬዋለሁ። «እግረ መንገዴን ዳቦ ገዛሁ» እንዳልልሽ ዳቦውን ዝም ብዬ አስቀምጥ ነበር። ጫማ ሰፊ ሆኜ ደንበኛን «እግርህን ወዲህ በል» ማለት ትቼ፣ አንቺ ጥግ ላይ ተቀምጠሽ እንዳትሰሚ «ታችህን ወዲህ በል» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ «የምን ታች ነው አንተ ባለጌ!» ብለው ጥለውኝ ሄደዋል፤ እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ይህን ሁሉ ላንቺ ብዬ ቻልኩ፤ ለካ አንቺ እዚያ በእግር እየተቀለደልሽ ትስቂያለሽ!

ቀጥሎ የሥራውን ነገር አነበብኩ። የማሰሪያውን ቆዳ አይተሽ «ይህ ስፌት ጥሬ ነው» ብለሽ ፈትተሽ ስትሰፊው፣ እዚሁ ቅሪና የእግሮቹን ማሰሪያ ስፊልን አሉሽ። ከሥሩ «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል አለ። ዓሥር ዓመት የጫማ ፊት ስትሰፊ ያየሁሽ እኔ፣ ስፌትሽን ያደነቀው ግን ሰባት ወር ያወቀሽ ሰው!

ከሁሉም የባሰው ግን የመጨረሻው ገጽ ነው። «ያን ቀን የሆዴን ሁሉ ነገርኩት» ይላል። «ባለሙያው በርጩማውን ስቦ ተቀመጠና…» ይላል። ከዚያ የምትከተለዋን ቃል አንድ ጊዜ አነበብኳት፤ ሁለት ጊዜ አነበብኳት፤ መስኮቱ ጋ ወስጄ በብርሃን አነበብኳት። ሳመኝ ትላለች።

ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ይህ ግነት ነው፤ ቀምሻለሁ፤ ግን አልጣመኝም። የፖስተኛውን ጫማ ሁለቱንም ግራ አድርጌ ሠራሁት። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢለኝ «ወንድሜ፣ እኔንም ግራ ገብቶኛል» አልኩት። መልስ ጻፍኩልሽ፦ «ሥራም እግርም አንፈልግም፤ ቶሎ ነይ»። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ እሱ ነው። ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸግኩት፤ ግን ሳልልከው የትምህርት ሰዓት ደረሰ።

ያቺን ቃል ብቻ እንዳለች ደብተሬ ላይ ገልብጬ ለመምህርታችን አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ቢያነቡልኝ?»

«አንተ አንብባት እንጂ፤ አንደኛ ነኝ ስትል አልነበር?»

«ሳመኝ» አልኩ።

ክፍሉ አውካካ። የመጋዘኑ ዘበኛ ከኋላ ወንበር «ማነው ደፋሩ?» አለ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ጢሙን ችሎ ከሆነ እግዜር ይስጠው!» አለች። መምህርታችን ግን አልሳቁም። ጣታቸውን ከቃሏ ሥር አደረጉና «እግሩን እይ» አሉኝ።

ክው አልኩ። ስለ እግርሽ ማን ነገራቸው ብዬ ነው።

«የፊደሉን እግር እይ ነው የምልህ፤ ምን ያስደነግጥሃል? ሰ በሁለት እግሩ እኩል ይቆማል። ሳ ግን ግራ እግሩ አጭር ነው። ይሄ የቱ ነው?»

«በሁለት እግሩ የቆመው።»

«ቀጥሎ ያለውስ?»

«ከሥሩ አንድ እግር አብቅሏል። ማ ነው።»

«እንግዲህ አንብበው።»

«ሰ… ማ… ኝ።»

ሰማኝ! ተቀመጠና ሰማኝ! አንዱን እግር ከአንዱ ፊደል ነቅዬ ለሌላው ተክዬ ሦስት ቀን ተቃጠልኩ። ከክፍል ስወጣ መንገዱ አልበቃኝም። ልብስ ሰፊውን መንገድ ላይ አግኝቼ አቅፌ ስሜዋለሁ፤ ምክንያቱን እስካሁን አያውቅም።

ደስታው ግን የቆየው እስከ ቤታችን ደረጃ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ሳመኝ ቢሆን የማደርገውን አውቅ ነበር፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ የሚያክለኝ ከሆነ እመታዋለሁ፣ የሚበልጠኝ ከሆነ ከሩቅ እሰድበዋለሁ። ሰማኝ ሲሆን ግን ምን ይደረጋል? መሳሙንማ እኔም ስሜሻለሁ፤ እዚያ ላይ ማንንም አልፈራም። ሰምቼሻለሁ ወይ? እሱ ላይ ስደርስ የልብስ ሰፊው ሳል እኔን ያዘኝ።

«እስቲ ክራንቹን አቀብለኝ» ትዪኝ ነበር። «እኔ እያለሁ በእንጨት?» እልና በጀርባዬ አዝልሽ ነበር። «ተወኝ፤ ቁጭ እያልኩም ቢሆን ደረጃውን ልውረደው» አልሽኝ አንድ ቀን። «ሰው ምን ይላል?» አልኩሽ። ሰውማ የሚለውን ይል ነበር፤ ጠዋት ሳወርድሽ፣ ማታ ሳወጣሽ፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ የቆመው ሁሉ «ባል ማለት እንዲህ ነው!» ይላል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አንድ ደረጃ ቀስ፣ ሌላውን ቀስ። ሰው ካላየኝ ፈጠን እል ነበር፤ ይህን ዛሬ ልንገርሽ። አንዴ ጀርባዬ ላይ ሆነሽ አልቅሰሻል። አንገቴ ሲረጥብ አውቄዋለሁ። ላብ ነው ብዬ ቀልድ አወራሁልሽ።

የክራንቹም ነገር አለ። ከበሩ ጀርባ ክራንቹ የሚሰቀልበትን ሚስማር ያን ያህል ከፍ አድርጎ የመታው ማን ሆነና! ከመንገድ ይነሣ ብዬ ነው አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። እጅሽ እንዳይደርስበት ነው። በራስሽ ከሄድሽ እኔ ምን እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ይህን ማንም አያውቅም፤ ምናልባት ለዚያ ሰውዬ ነግረሽው ይሆናል፤ ከነገርሽውም እሰይ። አሁን አንቺ ደረጃ ትወጫለሽ፣ እኔ እዚህ ጀርባዬን ይበርደኛል።

ባለሙያሽ የግራ እግርሽ አሮጌ ጫማ ካለ ይላክልን ማለቱንም ጽፈሻል፤ እግሩን በልኩ ሊሠራው። ጫማ የለም። ሁሉንም ያኔ፣ ከአደጋው በኋላ፣ ለሰው ሰጥቻለሁ። መጀመሪያ «የለም» ብዬ ልተወው ነበር፤ ይሙት እንጂ ልክሽን አልነግረውም ብዬ! ግን ፎርማው አለ። ስንጋባ እግርሽን ለክቼ ከእንጨት የጠረብኩት፣ ጫማሽን ሁሉ የወጠርኩበት። ቀኙ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ግራውን እንዳታይው ቁርጥራጭ ቆዳ ሣጥን ውስጥ ቀብሬው ነበር። ዛሬ ጠዋት አወጣሁት፤ ጠርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩትና ብዙ አየሁት። በዚህ ዓለም ላይ የቀረ ግራ እግርሽ እሱ ነው፤ እኔ ጋ ነበር።

ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ትንሿ ጣት ጋ ያለችውን እብጠት በጣትሽ ዳስሻት። ግራሽ ከቀኝሽ ትሰፋ ነበር፤ ይህን አንቺም አታውቂም። «እግሬ ምንኛ ቀና ነው፣ ጫማ አይነክሰኝም!» ስትዪ፣ በስውር አስፍቼልሽ ነው። ለሰውዬው… እንግዲህ እርሳቸው ልበላቸው፣ ለዚች አንድ መስመር ብቻ… ለእርሳቸው ንገሪልኝ፤ እዚያች ጋ ካላሰፉ ጫማው ይጠባል።

ሚስማሩን ነቅዬዋለሁ። ክራንቹ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፤ ብትመጪ ትደርሺበታለሽ፣ ባትፈልጊው ይቁም። ያን የታሸገ ደብዳቤም ቀድጄዋለሁ።

ስለ ሥራው «ምን ትላለህ?» ብለሻል። ሁለት ዓመት እኔ ስል ኖሬያለሁ፤ ደክሞኛል። አንቺስ ምን ትያለሽ? ለእኔ ሳትሳሺ ጻፊልኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ ካልሽ አነበዋለሁ። እመጣለሁ ካልሽም አነበዋለሁ፤ ያኛውን ከፍ ባለ ድምፅ። ቃል በቃል አነባለሁ፤ የእያንዳንዱን ፊደል እግር እያየሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አግኝቻለሁ፤ ይህን እግር ሠሪሽ አያውቀውም። «ሳቅ» ብለሽ ስትጽፊ መጀመሪያው ሳ ነው፤ ግራ እግሩ አጭር። «ባል» ብለሽ ስትጽፊም ባ ነው፤ እሱም ግራ እግሩ አጭር። ግራ እግር ጎደለ ብዬ ሳቅን ከቤታችን አስወጣሁት፤ ለካስ ሳቅ ሲፈጠርም እንደዚያው ነው የሚቆመው! ይኸው የመጀመሪያው የእግር ቀልዴ። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነው፤ ሌሎቹ ተራ ይዘዋል። ሳቂ እንጂ!

የምትረግጪው ይጽናልሽ፣ የምትሰፊው ይስመርልሽ፤ ስቀሽ እደሪ።

አርባ ሦስት ቁጥርሽ

ይህችን ከታች ያለችውን ለባለሙያው አንብቢላቸው፤ ሳል እንዳይይዝሽ፦ ጌታዬ፣ ስለሰሙልኝ አመሰግናለሁ። እግሩ የእርስዎ ሥራ ይሁን። ጫማው ግን የኔ ነው።