ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው

ሰኞ

«ተሳስተሻል!» አልኳት። ያውም በሰው ሁሉ ፊት።

ሰናይት ፊልም መሥራት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ፀጉሯ ሸብቷል። እኔ አዳማ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ጋሪ ነዳሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ልጄ አስቴር ናት። ግን ለስንቱ ጎረምሳ ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ!

በፊልሙ የሴት ልጅ አባት ነኝ። ለቀረጻ ወለንጪቲ በተከራዩት ቤት ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ቁጭ አሉ፣ ልጄን ለመኑኝ። እኔ ደግሞ እዚያው «እሺ» ልል! ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት ይቀመጣል እንዴ? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባትስ ልጁ የከበደችው አይደለም?

ካሜራውን አስቆመች። «ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ጋሼ።» ረዳቷ «ቤቱን ሐሙስ እናስረክባለን፣ ጊዜ የለም» ብሎ አጉረመረመ። አልሰማችውም። እኔን ነው የሰማችው።

ማክሰኞ

የትናንቱን ሁሉ ጣለችው! እኔ ብሆን ስሕተቴን በሰው ፊት አላምንም ነበር።

አሁን ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ሁለቴ «ዘመድ ላማክር» ብዬ እመልሳቸዋለሁ፣ በሦስተኛው እሺ። ሁለቱን ዛሬ ጨረስን። ቁጣ ያምርብኛል። ዋናው ሽማግሌ ገመዳ፣ የዚያው የወለንጪቲ ገበሬ፣ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተገትሮ ዋለ። እንዲህ ነው እንጂ!

ረቡዕ

አልሆነም። «እሺ»ን ዘጠኝ ጊዜ አልኩ፤ ዘጠኙም ጩኸት።

ገመዳ ሳቀብኝ። «ኦቦ በቀለ፣ ካሜራው ፈረስ አይደለም! ምን ያስጮኽሃል?»

በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ያመጣሉ ብዬ ፈራሁ። እራት አልበላሁም። ሰናይት ግን አልተቆጣችም። «ተዋናይ ሳይጮኽ እንዲናገር ማድረግ የተማርኩት ሃያ ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው፤ አሁንም ይጠፋብኛል» አለችኝ። እኔ ጋሪን በሁለት ዓመት ጨርሼ አወቅሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንንም ጠይቄ አላውቅም።

ሐሙስ

የቤቱ ባለቤት ቁልፉን ሊቀበል ደጅ ቆሟል። ሰናይት አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ሽማግሌዎች አስቴርን ሲለምኑዎት እርስዎ ምን አሉ?»

አሰብኩ። እሺ አላልኩም። «ከሩቅ ነው የመጣችሁት፣ ቁጭ ብላችሁ ውሃ ጠጡ» ነበር ያልኩት። ከዚያ ወለሉን አየሁ፤ ቀና ማለት አቃተኝ።

አስቴር እዚህ ላይ መጻፍ አቆመች። ጻፊ አልኳት።

«እሱን ይበሉልኝ» አለች ሰናይት።

አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብዬ። ገመዳ አልሳቀም፤ ዓይኑን በነጠላው ጠረገ። ሰናይት ካሜራውን ለማስቆም «በቃ» ማለት ረሳች። ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት!

በኋላ መጥታ «ጋሼ፣ ሌላ የተሳሳትኩት አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። «መጀመሪያ ቤቱን አስረክቢ፣ እነግርሻለሁ።»