ስም የሌለው አምበል

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳኑ፣

ከሰቆጣ እስከ ሪያድ ባለው መንገድ ልክ ሰላም እልሃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስልክህ አልጠራ ስላለኝ ይህን ወረቀት ወደዚያው ለሚመለሰው ለጎረቤታችን ለይርዳው ሰጥቼዋለሁ።

ጌም ቤቱ ይሠራል። ደንበኞቼ ግን «እየሩስ፣ የኳሱን ጌም በዲስክ ግዢው» እያሉ ነዘነዙኝ። ያለን በኢንተርኔት በአንተ አካውንት የተገዛው ስለሆነ፣ አንተ እዚያ ስትከፍተው እኛን እዚህ ከጨዋታ መሃል ያስወጣናል። «ዲስክ ቢጫጫር እንጂ ሰው አያስወጣም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ባስወጣን ቁጥር ወደ ጓዳ ሮጬ «ኪዳኑ ከሥራ ገባ!» እላታለሁ፣ ለእማዬ።

ከጥምቀት ወዲህ አስወጥቶን አያውቅም ነበር። ባለፈው እሑድ ሲያስወጣን እልል አልኩ። ተመልሰን ስንገባ ግን ተጫዋቾቹን በእኛ ስም ሰይመህ የሠራኸው ቡድን ተነካክቷል። እማዬ እንደ ድሮዋ በረኛ ናት፤ እኔም አጥቂ ነኝ። የአምበሉ ስም፣ ያንተ ብቻ፣ ተሰርዟል። ዐሥር ቁጥሩ ያለ ስም ይሮጣል።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ያስወጣናል፤ ሁልጊዜም አንተ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት። እማዬ «ገባ?» ስትለኝ «ገባ» እላታለሁ።

ዲስኩን አልገዛሁም።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች። ስትገባ ስምህን ቦታው ላይ መልሰው። እኔ ልጽፈው እችል ነበር፤ ግን ያለ አንተ እጅ እንዳይነካ ብዬ ትቼዋለሁ።

እህትህ እየሩስ ካሤ