ወይን የምንሰቅልበት ብረት

ኦርኔላዬ፣ እፎይ በይልኝ! የመንደራችን ቤተ ክርስቲያን አይፈርስም። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ በሩ ታሽጎ ስንጨነቅ ከርመን፣ ዛሬ መሐንዲሱ ከውስጥ ወጣና «ግድግዳዎቹን ያተረፋቸው ከላይ ከዳር እዳር የተወጠረው ብረት ነው» አለን። ብረቱን የወጠሩት የዛሬ አምስት መቶ ዓመት የገነቡት ሰዎች ናቸው። በልጅነቴ ቄሳችን «የግድግዳውን ሥዕል ይጋርዳል፣ ይቆረጥ!» ሲሉ ሴቶቹ አሻፈረን አሉ፤ የወይኑን በኩራት፣ የመጀመሪያዎቹን ዘለላዎች፣ የምንሰቅለው እሱ ላይ ነዋ! እዚያ ቶሪኖ ከተማ፣ እኔና አንቺ በምንኖርበት ሰፈር ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ተቆርጦ ነበር። አክስቴ አሱንቲና የመሐንዲሱን ጉንጭ ቆንጥጣ፣ «እኛ እኮ ወይናችን የት ይሰቀላል ብለን ነው እንጂ፣ ስለ ግድግዳ ማን አወቀ ልጄ!» አለችው።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። በሩ ዛሬውኑ ስለተከፈተ በስምሽ አንድ ዘለላ ሰቅያለሁ፤ ብረቱ አንቺንም ችሎሻል።

ዴልፊና