ለእናታችን የተውነው መብራት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለአቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ሞጣ።

ጋሼ፣ ለጤናዎ እንዴት ከርመዋል? የእትዬ ሀብትነሽ ወገብስ ተሻላቸው? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኛ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ አለን። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ብል ግን ብዕሬ እምቢ አለኝ።

የቢቸናን ወሬ ከመብራቱ ልጀምር። መብራት የሚሰጠን ጓዴ የሚሉት ባለወፍጮ ናፍጣ የሚያመጣለት መኪና መምጣቱን ስላቆመ፣ ሞተሩን ሲመሽ አስነስቶ ብዙም ሳይቆይ ያጠፋዋል። በየቤቱ ከአንድ አምፑል በላይ እንዳናበራም ለመነን። እኔና ጎረቤቴ ፈንታነሽማ አንዱንም ተካፈልነው፤ የጋራ ግድግዳችንን በስተን በቀዳዳው አንጠልጥለን ለሁለት ቤት እናበራበታለን። እህል መልቀሙን፣ ሽሮ መንፋቱን፣ ልብስ መጣፉን ወደ ቀን አዛወርነው። ራት የምንበላው ዶሮ ሳይሰፍር ስለሆነ ልጆቼ ገዳም የገባን መስሏቸዋል።

ማታ የምትሠራው እናታችን ብቻ ናት። ለእርስዎ ጋቢ እየፈተለች ነው፤ ድሩን ጨርሳ ማጉን ይዛለች። መብራቱ ደከመ እያለች ጓዴን ታማዋለች። ፈንታነሽ አዝናላት ቀዳዳውን በእሷ በኩል በካርቶን ደፈነችውና ብርሃኑን ሁሉ ለእናታችን ተወችላት፤ ራሷ በኩራዝ ታመሻለች። እናታችን ግን አሁንም ደከመ አለች። እኔም አምኛት ወፍጮ ቤት ድረስ ሄጄ ጓዴን ተጣላሁት። ምስኪን፣ ምንም ሳያጠፋ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ሐሙስ ለት በእኩለ ቀን ደጃፍ ተቀምጣ ጥጥ ስታባዝት፣ ሰማዩ ምነው እንዲህ ጠቆረ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ስጡን አስገቢ አለችኝ። ጋሼ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እሺ እማዬ ብዬ ስጡን አስገባሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ለእሷ አልነገርኳትም። ናፍጣው ሲመጣ ይደምቃል እላታለሁ፤ ታምነኛለች። አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም አለ ይባላል፤ ነገር ግን ያለ እርስዎ ከቤቷ አትነቃነቅልኝም። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሳይዘጋ ይምጡ። ጋቢው ተሠርቶ ሲያልቅ በሰው እንላክለት ወይ ብላኝ ነበር፤ ራሱ መጥቶ ይውሰድ አልኳት። መልክዎን ለይታ ሳታይዎት እንዳትቀር እፈራለሁ።

እትዬ ሀብትነሽን በጣም ሰላም ይበሉልኝ። ልጆቹን፣ መንግስቴንና ትንሿን ካሰችንም ይሳሙልኝ። ፈንታነሽ ከነቤተሰቧ ሰላም ብላለች። እናታችንም ጉንጭህን እስማለሁ፣ ልጆችህን እግዜር ያሳድግልህ ትላለች። ይህን የምጽፈው በአምፑላችን ሥር ነው፤ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ፣ በዚህ ጭላንጭል ስትጽፊ ዓይንሽን እንዳታጠፊው እያለች ታዝንልኛለች።

እህትዎ ማናለሽ
ቢቸና፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.