የግራዝማች ሎሚ

መቀሌ፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.

ብልቴን ያሳክከኝ ከጀመረ ሰንብቷል። ቆዳው ቀልቶ ተላልጧል፤ ስራመድ ሱሪው በነካው ቁጥር ያቃጥለኛል። ሞኝነቴ ለአለቃዬ ለግራዝማች መንገሬ ነው። እሱ እንደሆነ የማያውቀው ነገር የለም! "ከሴት ያመጣኸው ነው፤ ሎሚ እሽበት" አለኝ። አሸሁበት። ሰማይ ምድሩ ዞረብኝ። በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሰምቶ ጠበቀኝ፤ ግራዝማችም ወንበሩን ከእኔ አራቀ። እንኳን ሚስቴ ሸዋ ቀረች!

ዛሬ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ካየኝ በኋላ የሱሪዬን ጨርቅ በጣቱ ፈተግ ፈተግ አደረገና፣ "ልብስህን በምን ነው የሚያጥቡልህ?" አለኝ።

"በእንዶድ።"

"ታዲያ እንዶዱ መቼ ለቀቀ? ላብ ሲያረጥበው ቆዳህን የሚበላው እሱ ነው። በንጹሕ ውሃ ብቻ ታጠብ፤ በደንብ አድርቀው፤ ሰፋ ያለ ልበስ። ካልተሻለህ ተመለስ። ሎሚ ያዘዘልህን ሰው ግን ሁለተኛ እንዳትሰማው።"

አጣቢዬ አደይ ኪሮስ ናት። ውሃ በጠፋበት ወር ልብሱን አንዴ ነከር አድርጋ ብታሰጣው አልፈርድባትም። የግራዝማችንም ሱሪ የምታጥበው እሷው ናት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ስመለስ ግራዝማች እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰዶ ያካል። ሲያየኝ ደንግጦ አወጣው። ፊቱ አመድ መስሏል። ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋና፣ "ያ ሎሚ... ረዳህ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"እጅግ እንጂ፣ ጌታዬ!" አልኩት። "በደንብ ሲታሽ ነው።"