ብርቱካን ላይ የተለማመድኩት መርፌ

ለወንድሜ ለገረሱ፣

እንደምን ከረምክ የምልህ ሰላምታ መንፈግ ነውር ስለሆነ ብቻ ነው።

ልጄን ሶሬቲን ሳታማክረኝ አዳማ ወስደህ ሥራ አስገባሃት፤ ደስ ይበልህ። በየጠዋቱ ጭኔ ላይ ትወጋኝ የነበረውን የአጥንት ማጠንከሪያ መርፌ አሁን በገዛ እጄ እወጋለሁ። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ ተለማመድኩ። ልትቀጥርልኝ ያሰብከውን ነርስ ለራስህ አድርገው። «አጥንትሽ ሳስቷል፣ እንዳትወድቂ» ያለኝ ሐኪምም እኔ ያለሁበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ውሃ ተሸክሞ ወጥቶ አያውቅም።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ገላዬን ስታጠብ የውጪውን በር ገርበብ አድርጌ እተወዋለሁ፤ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ሠናይት ኮሽ ካለ ትሰማለች። ሌባም ቢገባ የሚወስደው የለም።

ለቤተሰብህ ሰላምታዬን አድርስ። ሶሬቲ ከጠየቀችህ፣ «እናትሽ መውደቅ አትፈራም፤ በሯን ቆልፋ ነው የምትታጠበው» በላት።

እህትህ አባይነሽ